ልብስ ሰፊና ሆደ ሰፊ

ሰኞ፣ ሃያ አንድ ቀን ሲቀረው

የሆስፒታሉ ሲስተር «የበሉትን፣ የሚያምዎትን፣ በቀን ስንት ጊዜ እንደወጡ ይጻፉልኝ» አለችኝ። «ሰሞኑን ብዙም አልወጣሁ፤ ከቤት ሱቅ፣ ከሱቅ ቤት ነኝ» ብላት አፏን ይዛ ሳቀች። ለካ መጸዳጃ ቤት ማለቷ ነው። እንግዲህ በስተርጅና ጸሐፊ ሆኛለሁ።

የምጽፍበት የልክ ደብተር ነው፤ የራሴን ሱቅ ስከፍት የገዛሁት የመጀመሪያው። በየገጹ ወገብ፣ ዳሌ፣ ርዝመት እያልኩ በማስመሪያ አስምሬበታለሁ። ስንት አዲስ ደብተር እያለ ለምን ይሄን አቧራ እንዳነሳሁ ባለቤቴ ጠየቀችኝ። ባዶ ገጽ ስለተረፈው ነው አልኳት።

ዛሬ፦ ነጭ ዳቦ፣ የተቀቀለ ድንች፣ የተጠለለ ሾርባ። አራት ጊዜ። ሕመሙ የሚቻል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ታችኛው አንጀቴ ላይ ዕጢ አለ። የዛሬ ሦስት ሳምንት ሐኪሙ አንድ ስንዝር የሚያህል ቆርጦ አውጥቶ ሁለቱን ጫፎች ይገጥማቸዋል። ወረቀት ላይ ሲስልልኝ እጁን ነበር የማየው። ጣቶቹ አጫጭርና ወፋፍራም ናቸው፣ ግን አይንቀጠቀጡም። «ስፌቱ በእጅ ነው በማሽን?» አልኩት። «እንደ ቦታው ሁለቱንም እንጠቀማለን» አለኝ። የክሩን ዓይነት ስጠይቀው ወንበሩን ወደኔ ሳብ አድርጎ ከመሳቢያው አውጥቶ አሳየኝ። ሐምራዊ ነው። መርፌው ቀዳዳ የለውም፤ ከክሩ ጋር አብሮ ነው የተሠራው። አርባ ዓመት ሙሉ ክር ላሾልክ ዓይኔን ያፈሰስኩ ሰው ነኝና ቀናሁ።

ስወጣ ሲስተሯ በር ላይ አንድ የታጠፈ ወረቀት ሰጠችኝ። ስፌቱ እስኪድን ድረስ አንጀቱን በሆድ በኩል ወደ ውጭ ሊያወጡት ይችላሉ፤ በላዩ ላይ ከረጢት ይለጠፋል። ለሦስት ወር ያህል ነው። ላያስፈልግም ይችላል። ሆዴ ሲከፈት ነው የሚታወቀው።

ለባለቤቴ «ቆርጠው ይቀጥሉታል» አልኳት፤ እውነት ነው። ስለ ከረጢቱ ግን አልነገርኳትም። ወረቀቱን እዚሁ ደብተር ውስጥ አድርጌዋለሁ። ደብተሬን አትነካውም፤ ሃያ ስምንት ዓመት የተማሪ ደብተር ስታርም ኖራ ጠግባዋለች። ሆድ ይፍጀው።

ረቡዕ፣ አሥራ ዘጠኝ ቀን

ዳቦ፣ ሩዝ፣ እንቁላል። አምስት ጊዜ።

ምሳ ላይ «እኔ ልብስ ሰፊ፣ ሐኪሙ ሆድ ሰፊ፤ የሙያ ጓደኛሞች ነን» ብዬ ቀለድኩ። ባለቤቴ ጡረታ ከወጣች አራት ዓመቷ ነው፤ አስተማሪነቱ ግን ከላይዋ አልወረደም። «‹ፊ› ሲላላ ነው የሚሰፋው፤ ሲጠብቅማ ሆደ ሰፊ ማለት ታጋሽ ነው» ብላ አረመችኝ።

«ታዲያ በዚህ ቤት ሆደ ሰፊው ማነው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ካንተ ጋር የኖረው ነዋ!»

ሳቅን። ያኔ ልነግራት ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ።

ለምን እንደማልነግራት ራሴን ስጠይቅ መልሱ ያሳፍረኛል። ሞት አይደለም። ስለ ሞትማ አንድ ቀን አውርተን፣ አልቅሳ፣ ተናፍጣ፣ «በል ሾርባህን ጠጣ» ብላኛለች። ከረጢቱ ነው። እኔ ሱሪ ሰፊ ነኝ፤ ልኩ የሆነ ሱሪ ለብሼ ሰው ፊት መቆሜ ነው ማስታወቂያዬ። የሷ አፍንጫ ደግሞ አያድርስ ነው፤ ጎረቤት ሽንኩርት ሲያር የኛን መስኮት ትከፍታለች። ያንን ሆዴ ላይ ተሸክሜ አጠገቧ ስተኛ ዞር ብትልብኝስ? ዞር ባትል እንኳ፣ ላለመዞር ስትታገል ባያትስ?

ቅዳሜ፣ አሥራ ስድስት ቀን

ሦስት ጊዜ ብቻ። ጥሩ ቀን።

እውነቱን ልጻፍ፤ ይሄን ደብተር ያነሳሁት ባዶ ገጽ ስላለው አይደለም። ዘጠነኛው ገጽ ላይ እሷ አለች። «አዲሷ አስተማሪ፣ ግራጫ ጉርድ፣ ወገብ 68» ይላል። ወገቧ 64 ነበር። ሜትሩን በእጄ ይዤ፣ ቁጥሩን በዓይኔ እያየሁ ነው 68 ብዬ የጻፍኩት።

ጉርዱ ወረደባትና ተመልሳ መጣች። ወገቡን አጥብቤ ርዝመቱን አበላሸሁ። እንደገና መጣች። ርዝመቱን አስተካክዬ ዚፑን አጣመምኩት። በሦስተኛው «አንተ ሰውዬ፣ ልክ አታውቅም እንዴ?» ብላ ጮኸችብኝ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ልክ ከሆነልሽ ተመልሰሽ አትመጪማ።»

ጉርዱን ከጠረጴዛው ላይ ነጥቃኝ ወጣች። አለቀልኝ አልኩ። በሳምንቱ ኮት ልታሰፋ መጣች።

ከዚያ ወዲህ በሠላሳ አንድ ዓመት መርፌ ነክታ አታውቅም። «አንድ ቤት አንድ ሰፊ ይበቃዋል» ነው የምትለው። ቁልፍ ሲረግፍባት እንኳ ጠረጴዛዬ ላይ ወርውራልኝ ትሄዳለች።

ማክሰኞ፣ አሥራ ሦስት ቀን

ሩጫ። ከመግባቴ በፊት ስድስት ሱሪ፣ ሁለት ኮት መውጣት አለበት። ዳቦ። ሻይ። ስንት ጊዜ እንደሆነ አልቆጠርኩም።

የማሽኔ ወንበር ዝቅ ብሏል። ጥቁር ክር ትቼ ሄጄ ነጭ ሆኖ አገኘሁት። ኪስን ጠየቅኩት። ኪስ የምለው አብሮኝ የሚሠራውን ነው፤ ኪስ ሲሰፋ እንደሱ ያለ ስለሌለ የወጣለት ስም ነው። «እኔ እንጃ ጋሼ» አለ፤ ዓይኑ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል።

ለራሴ ያስቀመጥኩት ግራጫ ጨርቅም ከመደርደሪያው የለም።

ዓርብ፣ አሥር ቀን

የደም ምርመራው ቶሎ አለቀና በምሳ ሰዓት ሱቅ ገባሁ። ባለቤቴና ኪስ ከመጋረጃው ጀርባ ያወራሉ። እንዲህ ነው የሰማሁት፦

«ጥልቀቱ ስንዝር ይበቃዋል?»

«ይበቃዋል ቲቸር። ግን ጨርቁ ገላ የማይጎረብጥ፣ ለስላሳ ይሁን።»

«ብቻ እሱ እንዳያውቅ።»

ሳል አልኩ። መጋረጃው ተገለጠ። እሷ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ «ምሳህን ላደርስልህ ነው የመጣሁት» አለችኝ። ምሳ ግን አላየሁም።

ጥልቀት፣ ጨርቅ፣ እሱ እንዳያውቅ። የኔ ቢጤ ሰው ምን ብሎ ያስብ? ገና ቢላዋ ሳይነካኝ መገነዣ እየቆረጡልኝ ይሆን? ወይስ ማሽኔን ለሰው እያሳዩ ነው? ወንበሩን ዝቅ ያደረገው ሰው አጭር ነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይላሉ። ከሰዓት በኋላ ኪስን በቁልፍ በዚፑ ሰበብ ስቆጣው ዋልኩ።

ስንዝር ጥልቀት ግን ለመቃብር አይበቃም። እሱን ወደ ቤት ስሄድ ነው ያሰብኩት።

እሑድ፣ ስምንት ቀን

ሩዝ፣ የዶሮ መረቅ። አምስት ጊዜ።

አፈርኩ። ጠዋት እግሬ ሲያብጥ አይታ ትራስ ከእግሬ ሥር ስታደርግልኝ ጣቷ በፕላስተር ተጠቅልሏል። አንዱ ብቻ አይደለም፣ ሁለቱ። «ምን ሆነሽ?» አልኳት። «ሽንኩርት ስልጥ» አለች። ሐኪሙ ሽንኩርት ከከለከለኝ ሁለት ሳምንት ሊሞላ ነው፤ እሷም ለአንድ ሰው ብላ አትልጥም። የተወጋ ጣት ከተቆረጠ ጣት ለይቼ አውቃለሁ፤ ግን እግሬን ትራሱ ላይ አመቻቸሁ።

እኔ ነኝ የደበቅኩት፣ እኔው እሷን እጠረጥራለሁ። ሆዴ ውስጥ ያለው ዕጢ ብቻ አይደለም መሰለኝ።

የሲስተሯን ወረቀት እንደገና አነበብኩት። ባለፈው «ከረጠት» ይል የነበረው በቀይ «ከረጢት» ተብሎ ታርሟል። ያን ቀን አላስተዋልኩትም ይሆናል። ሆስፒታሉ ጥንቁቅ ነው።

ረቡዕ፣ አምስት ቀን

ከረጢቱ የሚሆንበት ቦታ ምልክት የሚደረግበት ቀን ነበር። ሲስተሯ ሸሚዜን አስወልቃ አቆመችኝ፣ አስቀመጠችኝ፣ አጎነበሰችኝ። «ሱሪዎን የት ላይ ነው የሚታጠቁት?» አለች። ከእምብርት በታች ሁለት ጣት አልኳት። «የሆድዎ እጥፋት ላይ እንዳያርፍ፣ ከቀበቶው ጋርም እንዳይጋጭ ነው።» የምታደርገው ሁሉ የኔ ሥራ ነው። እኔ በጠመኔ፣ እሷ በጥቁር እስክሪብቶ። ሰውን አቁሞ የለካ፣ አስቀምጦ ካልለካ ሱሪ አይሰፋም። እሷም ታውቃለች። ደስ አለችኝ።

ከዚያ ሁለት ኤክስ አደረገችብኝ፤ አንዱ በቀኝ፣ አንዱ በግራ። የትኛው እንደሚሆን፣ ወይ ሁለቱም እንደሚቀሩ፣ ሐኪሙ ገብቶ ሲያይ ነው። «እንዳይጠፋ። ከደበዘዘ በእስክሪብቶ ይድገሙበት» አለችኝ። ቀጥላ «ባለቤትዎ ያውቃሉ አይደል?» ስትለኝ «አዎ» አልኩ። «አብረውን ቢሆኑ ጥሩ ነበር፤ አቀያየሩን አሳያቸው ነበር።» ሥራ በዝቶባት ነው አልኳት። ጡረተኛዋን ሥራ በዛባት አልኳት።

ቤት ስገባ ሸሚዜን እስከ አንገቴ ቆልፌ ነበር።

ዓርብ፣ ሦስት ቀን መሆኑ ቀርቶ ስድስት

ሲስተሯ ደወለች። የሰኞው ቀርቷል፤ ድንገተኛ በዝቷል። «ሐሙስ ይምጡ» አለችኝ።

ሐሙስ ይምጡ! አርባ ዓመት ለስንቱ ሙሽራ፣ ለስንቱ ባለጉዳይ ያልኩት ቃል ዞሮ ለራሴ። ለኪስ ብነግረው ካውያውን አስቀምጦ እስኪያነባ ሳቀ። «ጋሼ፣ የደንበኞቻችን እርግማን ነው።» እኔም ሳቅኩ። ስስቅ ሆዴን ወጋኝ። ባለፈው ሳምንት ስላመናጨቅኩት ይቅርታ ጠየቅኩት። «ተወው ጋሼ፣ ሆድ ሲታመም አፍም ይታመማል» አለኝ። ደግ ሰው ነው።

እሑድ፣ አራት ቀን

ሁለት ጊዜ ታጠብኩ፤ ኤክሶቹ ግን ይብስ ደመቁ። ጥቁር የነበሩት ወደ ቀይ ወስዷቸዋል። ቆዳዬ ተቆጥቶ ይሆናል።

አይደለም። እዚህ እንኳን ልዋሽ? ቀይ ቀለም ነው። በዚህ ቤት ቀይ እስክሪብቶ ያላት አንድ ሰው ናት።

ታውቃለች ማለት ነው። ታውቃለች፣ እኔ እንደምደብቅም ታውቃለች፣ ዝም ብላ ሩዝ ትቀቅልልኛለች። እራት ላይ ቀና ብላ አይታኝ «ምነው ዝም አልክ?» ስትለኝ አንጀቴን በላችው። ንገራት፣ ንገራት እያለኝ «ሩዙ ጨው አንሶታል» አልኳት። ጨው ጨመረችልኝ።

ረቡዕ፣ ነገ ነው

ከጠዋት ጀምሮ ምግብ የለም። አንጀት የሚያጥብ ዱቄት የበጠበጡበት ሁለት ሊትር ውሃ በየሩብ ሰዓቱ አንድ አንድ ብርጭቆ። ጣዕሙ ጨው የተጨመረበት የሳሙና ውሃ ነው። ስንት ጊዜ እንደወጣሁ አትጠይቁኝ፤ የገባሁበትን ብትጠይቁኝ ይሻላል።

ከሰዓት በኋላ መጸዳጃ ቤቱ ውስጥ እንደተቀመጥኩ ቀረሁ። ባለቤቴ ወንበር አምጥታ ከበሩ ውጭ ተቀመጠች። ብርጭቆውን በበሩ ክፍተት ታቀብለኛለች፣ ባዶውን ትቀበለኛለች። መስኮት አልከፈተችም። ያ አፍንጫ ያላት ሴት፣ መስኮቱ በእጇ ርቀት ላይ እያለ አልከፈተችም። ሆዴ ባባ። ባዶ ሆድም ይባባል ለካ።

«አንቺ» አልኳት በበሩ።

«ወዬ።»

«ያልነገርኩሽ ነገር አለ።»

«ንገረኛ።»

«ምናልባት አንጀቴን ሆዴ ላይ ያወጡት ይሆናል። ከረጢት ይለጠፍበታል። ለሦስት ወር። ሽታም ሊኖረው ይችላል። እንዳትጠዪኝ ፈርቼ ነው ያልነገርኩሽ።»

ጉሮሮዋን ጠርጋ «ከረጢት በ‹ጠ› ነው የሚጻፈው በ‹ጢ›?» አለችኝ።

«ወረቀቱን አንቺ ነሽ ያረምሽው?»

«ታዲያ ሆስፒታሉ ቀይ እስክሪብቶ ይዞ እስከ ቤታችን ይመጣል?»

«ኤክሱንም?»

«ደበዘዘብህ። እንቅልፍ ሲወስድህ ደገምኩበት።» ወንበሯን ወደ በሩ ሳበች። «ሃያ ስምንት ዓመት ኤክስ ሳደርግ እጄ ተንቀጥቅጦ አያውቅም። አንተ ላይ ሳደርግ ተንቀጠቀጠ።»

«ለምን አልተናገርሽም?»

«ሆደ ሰፊዋ እኔ አይደለሁ? እስክትነግረኝ ጠበቅኩህ። ሃያ ቀን ሙሉ። ሽታ ትለኛለህ፤ ያንተ ሽታ መች ጠፍቶብኝ ያውቃል!»

ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። ሱሪዬ ቁርጭምጭሚቴ ላይ ወርዶ፣ ብርጭቆ በእጄ ይዤ አለቀስኩ። እሷም ከበሩ ወዲያ። ስንጨርስ «በል ስድስተኛውን ጠጣ» አለችኝ።

ስወጣ አልጋው ላይ ሱሪ ተዘርግቷል። ግራጫው ጨርቄ ነው። ገልብጬ አየሁት፤ ሰው ሱሪ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የማየው ውስጡን ነው። ከፊት፣ በግራም በቀኝም፣ ከድሮ ነጭ ሸሚዜ የተቆረጠ ለስላሳ የውስጥ ኪስ ተሰፍቶበታል። ስንዝር ጥልቀት። ልክ ኤክሶቹ ባሉበት። ኪሶቹ ላይ የኪስ ምክር ይታያል፤ ስፌቱ ግን የሷ ነው፣ እንደሰከረ ሰው አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይሄዳል። አንድ ቦታ ላይ የደም ጠብታ አለ። መርፌ ነክታ የማታውቅ ሴት፣ በኔው ማሽን፣ ወንበሩን ዝቅ አድርጋ። እኔ መገነዣ ነው ብዬ ነበር።

ለበስኩት። ወገቡ ወረደ።

ሙያ ክፉ ነው፤ አፌን ልይዘው አልቻልኩም። «ልኩ አይደለም» አልኳት። «ሰፍቷል።»

«አውቃለሁ» አለች። «ወገብህ 84 ነው። 88 አድርጌ ነው የሰፋሁት።»

«ለምን?»

ቀርባ ሱሪውን በሁለት እጇ ከወገቤ ላይ ሰብስባ ያዘችው። «ልክ ከሆነልህ ተመልሰህ አትመጣማ» አለችኝ።

ሐሙስ፣ ጠዋት

የሆስፒታል አልጋ። ከጎኔ ጠረጴዛ ላይ የባለቤቴ የእጅ ቦርሳ። ምንም አልበላሁ። ስንት ጊዜ፦ ከአሁን በኋላ እነሱ ይቁጠሩ።

ሲስተሯ ሸሚዜን ገልጣ ቀዩን ኤክስ ስታይ ባለቤቴን አየቻት። «እርስዎ ነዎት?» «እኔ ነኝ።» «ቆንጆ ነው፣ ግልጽ ነው» አለቻት። ባለቤቴ እንደተመሰገነች ተማሪ ቀላች።

ሱሪው ቤት አልጋው ላይ ነው። ወገቡ የት ላይ እንደሚጠብ በጠመኔ አስምሬ ትቼዋለሁ። መርፌ አላስነካሁትም። ደብተሩን ለሷ ልሰጣት ነው፤ ወደ ቀዶ ጥገናው የሚወስደኝ ጋሪ መጣ።

ሰኞ፣ ካለፈ አሥራ አንድ ቀን

ቤቴ ነኝ። ነጭ ዳቦ፣ ትንሽ ሩዝ። መቆጠሩ ቀርቷል።

ከረጢቱ በቀኝ በኩል ሆነ። ሐኪሙ ስንዝሩን ቆርጦ ሲያስመረምረው ዳሩ ንጹሕ ነው፤ ዕጢው አልተረፈም አለኝ። ዳሩ ንጹሕ ነው ሲለኝ፣ ለአንድ ሰፊ ከዚህ የሚበልጥ ምን ይባላል?

ከረጢቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የቀየረችው እሷ ናት። መነጽሯን አድርጋ፣ ምላሷን በከንፈሯ ጥግ አውጥታ፣ ደብተር እንደምታርም ሁሉ ተጠንቅቃ። ፊቷን ነበር የማየው። ዞር አላለችም፣ ላለመዞርም አልታገለችም። በሁለተኛው ቀን ተነስታ «ኧረ ይሸታል!» ብላ መስኮቱን ከፈተችው። እኔም «ጎረቤት ሽንኩርት አሮበት ነው» አልኳት። ስፌቴን ይዤ ሳቅኩ።

ሱሪውን ለበስኩት። ከስቻለሁ፤ ወገቤ 79 ገብቷል። ኪሱ ግን ቦታውን አልሳተም፤ ከረጢቱን እንደ መዳፍ ይዞታል። እሷ መርፌና ክር ይዛ መጣች፤ የለመደችው ነገር ሆኗል። «አምጣው፣ ባሰመርክበት ላጥብበው» አለችኝ።

«ተይው» አልኳት። ከሦስት ወር በኋላ መልሰው የሚዘጉበት ቀጠሮ አለኝ። «ገና አንድ ጊዜ ሄጄ መመለስ አለብኝ።»